የሚነበብ ሰነድ ማዘጋጃ መሣሪያዎች ከእጃችን እንዳይወጡ፦ ለትምህርት ቤቶች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለማኅበራት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ መምህሯ የሰጧትን የታሪክ ማስታወሻ በፍላሽ ይዛ እኔ ወደምሠራበት የብሬል ክፍል መጣች። በዓይኔ ሳየው ጥርት ያለ አማርኛ ነበር። እርሷ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ በስክሪን አንባቢው፣ ማለትም ማያው ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነበው ፕሮግራም፣ ስትከፍተው ግን የሰማችው የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ የመቶኛ ምልክትና የቅንፍ ጋጋታ ብቻ ነበር። «ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተበላሸም። የተጻፈው ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ከመምጣቱ በፊት በነበረ ፎንት ነው። ያ ፎንት «ሀ»ን የሚያሳየው በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዙን ሥዕል ለጥፎ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከሥዕሉ በስተጀርባ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ብቻ ነው። ፈተናው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ለሁለት ተካፍለን እንደ አዲስ ጻፍነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ። ሰነድ ዕድሜው የሚለካው በተሠራበት መሣሪያ ዕድሜ ነው። መሣሪያው በአንድ ሻጭ እጅ ብቻ ካለ፣ ሻጩ ሥራውን ሲተው ሰነዱም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዓይነ ስውራን የሚያነቡት ሰነድ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሠራበት መሣሪያ ዛሬም ከአሥር ዓመት በኋላም ያለ ክፍያ በእጃችን እንዲኖር ምን ማድረግ እንዳለብን ይናገራል። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ወይም ትርፍ ሃርድ ዲስክ፣ እንዲሁም አንድ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው።

አስቀድሞ፦ «በነፃ» እና «ነፃ»

በአማርኛ «ነፃ» ስንል ዋጋ የሌለውንም፣ በራሱ የሚተዳደረውንም ማለታችን ነው። በሶፍትዌር ግን ሁለቱን መለየት የግድ ነው። ዛሬ ያለ ክፍያ የምናወርደው ፕሮግራም ነገ ባለቤቱ ሊያስከፍልበት፣ ወይም ጨርሶ ሊያነሳው ይችላል። ክፍት ምንጭ የሆነው ግን የፕሮግራሙ ጽሑፍ ራሱ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠ ስለሆነ፣ ማንም ሰው መቅዳት፣ ማደል፣ ማረምና መቀጠል ይችላል።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚመስል ኢስፒክ ያሳየናል። ኢስፒክ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የጀመረው ጆናታን ዳዲንግተን የተባለ ሰው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የእርሱ ሥራ ሲቆም፣ ፈቃዱ ጂፒኤል የተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ ስለነበር ሌሎች ተቀብለው «ኢስፒክ ኤንጂ» በሚል ስም ቀጠሉት። ዛሬ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ አማርኛ የሚያነብልን ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በተቃራኒው በማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ መቅደስና አመሃ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ለጆሮ ከኢስፒክ እጅግ ያማሩ ናቸው፣ እኔም ረጅም ጽሑፍ ሳዳምጥ እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ የለም ማለት ድምፅ የለም ማለት ነው። ሁለቱንም ይጠቀሙ፤ መሠረትዎን ግን በመጀመሪያው ላይ ይጣሉ።

አንደኛ፦ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ

ሁሉንም ከየፕሮጀክቱ የራሱ ገጽ ያውርዱ። ከማያውቁት የማውረጃ ድረ ገጽ ወይም እጅ በእጅ ከሚዞር ፍላሽ የተቀዳ መጫኛ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ኤንቪዲኤ ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ ሲሆን፣ መነሻው ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር ለመጠቀም ማየት ከሚችለው ሰው የበለጠ መክፈል የለበትም የሚል ነው። ኢስፒክ ኤንጂ ከውስጡ ስላለ አማርኛውን ለብቻው መጫን አያስፈልግም። ለብሬል ማሳያ (ጽሑፉን በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች ለሚያወጣው መሣሪያ) ደግሞ ሊብልዊ የተባለውን ነፃ የብሬል መለወጫ ይጠቀማል፤ በእርሱም ውስጥ የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዥ አለ።

እዚህ ላይ ለአገራችን ኮምፒውተሮች ትልቅ ቁም ነገር አለ። አዲሱ ኤንቪዲኤ በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ቁጥር 2017.3 ነው፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ የ2023.3 ተከታታይ ነው። ትምህርት ቤትዎ በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ከሆኑ፣ አዲሱን ብቻ ሳይሆን ያንን የ2023.3 መጫኛም ዛሬውኑ አውርደው ያስቀምጡ። ስንት የብሬል ክፍል «አይሠራም» ተብሎ ኮምፒውተሩን ጥግ አስቀምጦታል! የጎደለው ትክክለኛው መጫኛ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሊብሬኦፊስ ነው፤ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት። ከ7.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ዓይነ ስውራን በሚያነቡት ደረጃ ፒዲኤፍ ማውጣት ይችላል። ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የመጨረሻው 25.2 ስለሆነ እርሱንም እንደዚያው ያስቀምጡ።

ሦስተኛው የፎንትና የቁልፍ ሰሌዳ ጉዳይ ነው። ኒያላ የተባለው ፎንት ዊንዶውስ ላይ ስላለ የሁላችን ይመስለናል፤ ንብረትነቱ ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ ቀድቶ ማደል አይፈቀድም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ ግን ለመቅዳትና ለማደል የተፈቀዱ ናቸው። ለመጻፍ ኪማን የተባለውን የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ይውሰዱ። ኪማን ለሙሉው ዓይነት ገንዘብ ይከፈልበት የነበረ ፕሮግራም ነው፤ ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከተረከበው በኋላ ነፃና ክፍት ምንጭ ሆኗል። የአማርኛ ሰሌዳውን ፋይል ለብቻው አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሳይረሱ ያድርጉት፤ ያለ እርሱ ኪማን ባዶ ነው።

የታተመ መጽሐፍ የሚለውጡ ከሆነ ቴሰራክት ያስፈልግዎታል። የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ገደማ ሠርቶበት ከዚያ መደርደሪያ ላይ የተተወ የፊደል መለያ ፕሮግራም ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ክፍት ሲደረግ ግን ዓለም ተቀባበለው፤ ዛሬ አማርኛ ያነባል። ለብቻው በትእዛዝ መስኮት መጠቀም ስለሚያስቸግር፣ ናፕስ2 በተባለው ነፃ የስካነር ፕሮግራም በኩል ቢጠቀሙበት ይቀላል። የአማርኛውን ፋይል ከምርጫው ውስጥ አስወርደው በኋላ ኮፒ ያድርጉት።

ለኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቶሪየም ሪደርን ለማንበቢያ፣ ለሚነበቡ መጻሕፍት የሚሠራው የዴዚ ጥምረት ያወጣውን ኤስ የተባለ ፕሮግራም ለመመርመሪያ ይጨምሩ። ፒዲኤፍ ለመመርመር ቬራፒዲኤፍ አለ። እነዚህ ሦስቱ ለጀማሪ ግዴታ አይደሉም።

ሁለተኛ፦ ማከማቻውን ማደራጀት

ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ፎልደር ይክፈቱ። በውስጡ አራት ነገር ይግባ፦ መጫኛው፣ የፈቃዱ ጽሑፍ፣ የምንጭ ኮዱ (የፕሮግራሙ ጽሑፍ ራሱ)፣ እንዲሁም እርስዎ በአማርኛ የጻፉት አጭር ማስታወሻ። ማስታወሻው ከየት እንደወረደ፣ መቼ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ዊንዶውስ ላይ እንደተሞከረ ይናገር። አምስት መስመር ይበቃል።

የምንጭ ኮዱን «ማን ያነበዋል?» ብለው አይተዉት። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በጂፒኤል የወጣን ፕሮግራም ለሌላ ሰው ሲያድሉ ምንጩን ማግኘት መቻሉ የፈቃዱ ግዴታ ነው፤ አጠገቡ ካስቀመጡት ግዴታው ተፈጸመ። ሁለተኛ፣ የኢስፒክን ታሪክ ያስታውሱ፤ የተረፈው ምንጩ በሰው እጅ ስለነበር ነው። የሊብሬኦፊስ ምንጭ ከባድ ስለሆነ ቦታ ከጠበበ እርሱን በማስታወሻው ላይ መገኛውን በመጻፍ ይለፉት። የኤንቪዲኤንና የኢስፒክን ግን ይያዙ።

ከዚያ የእያንዳንዱን መጫኛ አሻራ ይውሰዱ። ሰቨን ዚፕ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከጫኑ በኋላ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው ከሚመጣው ዝርዝር ሻ-256 የሚለውን ይምረጡ፤ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ይሰጥዎታል። ፕሮጀክቱ በገጹ ላይ ካወጣው ጋር ያስተያዩት፣ ከዚያ ማስታወሻው ውስጥ ይለጥፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ቅጂ ሲያጠራጥርዎት ፋይሉ ያው መሆኑን በዚህ ያውቃሉ።

ሁሉንም በሁለት ቦታ ያኑሩ፤ አንዱ በክፍሉ ኮምፒውተር፣ ሌላው ከክፍሉ ውጪ። ፍላሽ ብቻውን አደራ አይሰጠውም።

ኤንቪዲኤ ሲከፈት ተንቀሳቃሽ ቅጂ የመሥራት ምርጫም አለው። በዚያ በኩል ፍላሽ ላይ የተሠራ ቅጂ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ ይነሳል። ለተማሪዎቼ ሁሉ አንድ አንድ አዘጋጅላቸዋለሁ። የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተርም ሆነ የመሥሪያ ቤት፣ ፍላሹን ሰክተው የራሳቸውን ድምፅ ይዘው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፦ ሰነዱን መሥራት

አሁን ወደ ሥራው። ኪማንን በአማርኛ ሰሌዳ፣ ፎንቱን በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ አድርገው ሊብሬኦፊስን ይክፈቱ።

ርዕስን አድምቆና አተልቆ መተው በዓይን ለሚያነብ ይበቃ ይሆናል፤ ስክሪን አንባቢ ግን ትልቅ ፊደልን ርዕስ ብሎ አያውቀውም። የምዕራፉ ርዕስ ላይ ሆነው ኮንትሮልና 1ን፣ ንዑስ ርዕሱ ላይ ኮንትሮልና 2ን ይጫኑ። በዚህ ብቻ አንባቢው ኤች የሚለውን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። መቶ ገጽ ባለው ሞጁል ውስጥ ይህ ከሌለ ተማሪው ምዕራፍ አራትን ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማዳመጥ አለበት። እስቲ አስቡት።

የሰነዱን ቋንቋ አማርኛ ብለው ይምረጡ። ኤንቪዲኤ በሰነዱ ላይ በተጻፈው ቋንቋ መሠረት ድምፁን ራሱ ሊቀይር ይችላል፤ «እንግሊዝኛ» ተብሎ የተተወ የአማርኛ ሰነድ ግን በእንግሊዝኛ ድምፅ ይጀመርና አንባቢው ግራ ይጋባል። ከዚያ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲስክሪፕሽን በሚለው ገብተው የሰነዱን ርዕስ ይሙሉ።

ሥዕል ካለ በቀኝ ጠቅ አድርገው አልት ቴክስት በሚለው ውስጥ ሥዕሉ ለትምህርቱ የሚጨምረውን ይጻፉ። «ሥዕል» ወይም «ካርታ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። «የአባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታ» ቢባል ግን ትምህርቱ ደረሰ ማለት ነው። ሠንጠረዥን በስፔስ ቁልፍ አይሥሩ፤ በሠንጠረዥ መሣሪያው ይሥሩ፣ የመጀመሪያውን ረድፍም ራስጌ ያድርጉት።

ቀጥሎ የአማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የሚያውቁት ችግር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ስለሆነ ልርጋ። አብዛኞቻችን አራት ነጥብን የምንጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። በወረቀት ላይ «፡፡» እና «።» አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት የቃል መለያ እንጂ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም። ድምፁ ሳያርፍ ከዓረፍተ ነገር ወደ ዓረፍተ ነገር ይሮጣል፤ አዳማጩ የቱ ጋ እንዳበቃ አያውቅም። ኮንትሮልና ኤችን ተጭነው መተኪያውን ይክፈቱ፣ ፈልግ በሚለው «፡፡»፣ ተካ በሚለው «።» ይጻፉና ሁሉንም ይተኩ። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰነዱ ግን ሌላ ሰነድ ይሆናል።

አሕጽሮተ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ዶ/ር» ለዓይን የተሠሩ ናቸው፤ በድምፅ ሲነበቡ ይሰባበራሉ። በተቻለ መጠን «ትምህርት ቤት»፣ «መሥሪያ ቤት»፣ «ዶክተር» ብለው ይጻፉ።

ሲጨርሱ ቱልስ ከሚለው ዝርዝር አክሰሲቢሊቲ ቼክ የሚለውን ያስነሡ። የጎደለውን በየቦታው ይነግርዎታል። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጡ ታግድ ፒዲኤፍ እና ዩኒቨርሳል አክሰሲቢሊቲ በሚሉት ላይ ምልክት ያድርጉ። ዋናውን ፋይልም አብረው ይላኩ። ፒዲኤፍ ብቻ መላክ የእኛ ልማድ ነው፤ ብዙ ዓይነ ስውራን አንባቢዎች ግን የሚመርጡት የሚስተካከለውን የወርድ ፋይል ወይም ኢፐብ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት ነው።

አራተኛ፦ የድሮ ፎንትና የታተመ መጽሐፍ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ፣ ከዚያ በኋላም በልማድ በድሮዎቹ ፎንቶች የቀጠለው ሁሉ፣ እንደዚያች ተማሪ ማስታወሻ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ አቢሲኒካ ይቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ፊደላት ከተለወጠ የድሮ ነው።

ለብዙዎቹ የቆዩ ፎንቶች ነፃ መለወጫዎች ተሠርተዋል። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ። ከተለወጠ በኋላ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥቦችንና እንደ «ሏ»፣ «ቋ»፣ «ኳ» ያሉትን ዲቃላ ፊደላት በልዩ ጥንቃቄ ይመልከቱ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቃላት መሐል ላይ ካሉም ያለ አግባብ ወደ ግዕዝ ተቀይረው ሊያገኟቸው ይችላሉ። የድሮውን ፎንት ፋይልም አይጣሉት፤ ያለ እርሱ ዋናው ሰነድ ለዓይንም አይታይም።

የታተመ መጽሐፍ ከሆነ በ300 ዲፒአይ፣ ገጹ ሳይጣመም ስካን ያድርጉ። ቴሰራክት «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ከ»ን ከ«ክ» ሊያምታታ ስለሚችል አንድ ሰው ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ ማረም አለበት። ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ። ስለ ቅጂ መብት የሚጨነቅ ካለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በማራካሽ የተፈረመው ስምምነት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን በሚያነቡት መልክ ማዘጋጀትን የሚፈቅድ ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። አገሪቱ በምን ሁኔታና ለማን እንደፈቀደች ግን ከሥራው በፊት ሕጉን ያንብቡ።

አምስተኛ፦ በጆሮ መፈተን

ሰነዱን ከመላክዎ በፊት ራስዎ ያዳምጡት። ኤንቪዲኤን ያስነሡ፣ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪን አንድ ላይ ተጭነው የድምፅ ማስተካከያውን ይክፈቱ፣ ከኢስፒክ ድምፆች አማርኛን ይምረጡ። ወደ ሰነዱ ተመልሰው ኢንሰርትንና የታች ቀስትን ይጫኑ፤ ማንበብ ይጀምራል። ኮንትሮል ያስቆመዋል። አሁን ማያውን ያጥፉት። አምስት ደቂቃ በጆሮ ብቻ ይከታተሉ፤ የተዘለለ ሥዕል፣ የተሰባበረ ቃል፣ የጠፋ ርዕስ ያን ጊዜ ይሰማዎታል።

ድምፁ ሰው አይመስልም፤ አትደንግጡ። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና መጣ» ሲል በዓሉ ይሁን ሰውየው አይለይም። ይህን ሰነድ አዘጋጁ ሊያስተካክለው አይችልም። የሚስተካከለው በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

ስድስተኛ፦ ያረሙትን መልሶ መስጠት

ነፃ መሣሪያ የሚደርቀው የሚወስድ በዝቶ የሚመልስ ሲጠፋ ነው። ለመመለስ ግን ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

በጣም ቀላሉ የንግግር መዝገበ ቃላት ነው። በኤንቪዲኤ ምርጫዎች ውስጥ ስፒች ዲክሽነሪስ የሚለውን ይክፈቱ፣ «ት/ቤት» ለሚለው «ትምህርት ቤት»፣ «ዓ.ም.» ለሚለው «ዓመተ ምሕረት» ብለው ያስገቡ። ይህ የሚቀመጠው በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። ያቺን ፋይል በማከማቻው ውስጥ ያስቀምጡ፣ ለሌሎች ክፍሎችም ያድሉ። እኛ ጋ በአሥራ ሁለት ቃላት ተጀምራ አሁን ከሁለት መቶ በላይ ሆናለች፤ አብዛኛውን ያስገቡት ተማሪዎቹ ናቸው።

ሁለተኛው በራሱ በኢስፒክ ኤንጂ ውስጥ ያለው የአማርኛ ደንብና የቃላት ዝርዝር ነው። በስህተት የሚነበብ ቃል ሲያገኙ ቃሉን፣ የሚነበብበትን መልክና ትክክለኛውን አነባበብ ጽፈው ለፕሮጀክቱ ይላኩ። «አማርኛው መጥፎ ነው» የሚል መልእክት ማንንም አይረዳም። «ይህ ቃል ጠብቆ መነበብ አለበት፣ ላልቶ ይነበባል» የሚለው ግን በሚቀጥለው እትም ሊታረም ይችላል፣ ሲታረምም አዲስ አበባ ላለውም፣ ጎንደር ላለውም፣ ዋሽንግተን ተወልዶ አማርኛ በጆሮው ለሚማረው ልጅም ነው።

ሦስተኛው ትርጉም ነው። ሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታ አለው፤ የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አዳዲስ ቃላት ይጨመራሉና ሥራው አያልቅም። የቋንቋ መምህራን ካሏችሁ ወደዚህ ብትመሯቸው ትልቅ ውለታ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ በጀት ካለው ደግሞ ለሌላ ሶፍትዌር ከሚከፍለው ጥቂቱን ለኤንቪዲኤ ቢለግስ መልካም ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ የሚመጣው በአብዛኛው ከልገሳና ከድጋፍ ነው።

በመጨረሻም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በመስከረም ትምህርት ሲከፈትና በየካቲት፣ ማከማቻውን ይክፈቱ። አዳዲሶቹን እትሞች ያውርዱ፣ ለአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች የሚያገለግሉትን ሳይሰርዙ አጠገባቸው ያስቀምጡ፣ አሻራቸውን ያስተያዩ፣ ማስታወሻውን ያድሱ። ከዚያ አንድ መጫኛ መርጠው ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ከፍላሹ ይጫኑት፤ አንዲት የአማርኛ ገጽም ከፍተው እስኪነበብ ያዳምጡ። የማከማቻውን ቁልፍና የይለፍ ቃል ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ይያዘው፤ ቢቻል ራሱ ስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ሰው።